ለአንድ ሰው የሚሆን ድንኳን

በአማርኛ ድንኳን ብቻውን ቆሞ አያውቅም። ድንኳን ካለ ሰው አለ። ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ጥር 10 ነው፤ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ጥምቀተ ባሕሩ ዳር የሚያድሩትም በድንኳን ነው። እድር ገንዘብ ሲኖረው ከሚገዛቸው የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ ድንኳን ነው፤ ከአግዳሚ ወንበሩ፣ ከብረት ድስቱና ከብርጭቆው እኩል። ሰፈራችን ውስጥ ሸራውና ብረቱ በጋሪ ሲያልፍ ያየ ሰው "ምንድን ነው?" አይልም፤ "ማን ነው?" ነው የሚለው።

ስለዚህ እናቴን "ድንኳን ልገዛ ነው" ስላት "ምነው፣ ማን ሞተ?" ማለቷ አይገርምም። እሷን የገረማት ቀጥሎ የሰማችው ነው።

"ለኔ ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን።"

ትንሽ ዝም አለችና "ለአንድ ሰውማ የሚቆፈር እንጂ የሚተከል አላውቅም" አለች።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። 28 ዓመቴ ነው፤ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ላለፉት አምስት ዓመታት አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ ኮድ እጽፋለሁ። 150 ሲሲ ሞተር አለችኝ። አባቴ መምህር ነበር። ገና በወጣትነቱ የተመደበው ባሌ ውስጥ ነው፤ ያኔ ደመወዝ ለመቀበል እንኳ ከትምህርት ቤቱ እስከ ከተማ በእግር መሄድ ነበረበት። ከሱ የሰማሁት የመንገድ ወሬ ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ቃል ነው፦ "መሸብኝ"። መሸብኝ፣ ወደ አንድ ቤት ጎራ አልኩ፣ "የመሸበት እንግዳ ነኝ" አልኩ፣ አስገቡኝ። እግሩን ያጥቡታል፣ ወተት ያጠጡታል፣ መደቡን ይለቁለታል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አይጠይቁትም ማለት አይደለም። የሚጠይቁት ግን ካስገቡት በኋላ ነው።

አባቴ በ2015 ዓ.ም ዐረፈ። የእድሩ ድንኳን ደጃችን ላይ ሦስት ቀን ቆሞ ተነሣ፤ ቤቱ ባዶ መሆኑ የታወቀን ድንኳኑ ሲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ እሱ በእግሩ የሄደበትን መንገድ በሞተር የማየት ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ከዚያ ዲንሾ። ስእለት የለብኝም፣ የማገኘው ዘመድም የለም። መንገዱን ማየት ብቻ ነበር የፈለግኩት።

ጥያቄው የት ማደር ነው የሚለው ነበር። ከተሞቹ ውስጥ አልጋ አለ፣ እሱ አይቸግርም። አባቴ ያደረው ግን ከተማ ውስጥ አይደለም፤ በከተማና በከተማ መካከል ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ "ሰው ቤት ማደር ድሮ ቀረ" አለች፤ እውነቷን ነው። ዛሬ ሲመሽ ሄልሜት አጥልቆ በሞተር ከማያውቀው ሰው ግቢ የሚቆም ወጣት እንግዳ አይመስልም፤ ሌላ ነገር ነው የሚመስለው። ባለቤቱ እኔን ይፈራል። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ እሱን እፈራለሁ። አባቴን በአንድ ቃል ያስገባው በር ዛሬ ባንድ ቃል አይከፈትም።

ድንኳን ያሰብኩት ያኔ ነው። ቤትህን አልጠይቅህም፤ ከግቢህ ጥግ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ብቻ ስጠኝ። አንተም ሙሉ በሙሉ እንድታምነኝ አይጠበቅብህም፣ እኔም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ኢንጂነር የሆነ ሁሉ ይገምተዋል፤ ኤክሴል ከፈትኩ። 14 ድንኳኖች በረድፍ፣ መለኪያዎች በዓምድ። የመጀመሪያው ዓምድ በርግጥ ክብደት ነው። ግን ስለ ቀላል ድንኳን የሚጻፈው ነገር አብዛኛው የተጻፈው በእግሩ ለሚጓዝ ሰው ነው። እሱ ዕቃውን የሚሸከመው በትከሻው ስለሆነ 200 ግራም ለመቀነስ እጥፍ ዋጋ ቢከፍል ይገባኛል። ሞተር ግን ትከሻ የላትም። ከመቶ ኪሎ በላይ የምትመዝን ማሽን ላይ እኔ ከነልብሴ ተቀምጬ 300 ግራም ተጨመረ ተቀነሰ አይታወቃትም። የሚታወቃት ሌላ ነገር ነው፦ ዕቃው የት እንደተጫነ እና ምን ያህል ቦታ እንደያዘ። ከኋላ ጎማው እምብርት አልፎ ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ሸክም የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ ልክ እንደ ሚዛን ዘንግ። አስፋልት ላይ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ኮሮኮንች ላይ ግን የፊት ጎማ ከቀለለ መሪው አይታዘዝም።

ስለዚህ ለሞተር ድንኳን ከክብደቱ በፊት ምሰሶው ሲታጠፍ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ነው የሚታየው። የኔ የጎን ቦርሳ ውስጡ 38 ሴንቲ ነው። ብዙዎቹ ድንኳኖች ምሰሷቸው ሲታጠፍ ከ40 በላይ ስለሚሆን ከኋላ መቀመጫው ላይ በገመድ ካልታሰሩ ቦርሳ ውስጥ አይገቡም። ይህ አንድ ዓምድ ብቻውን ከ14ቱ ስድስቱን ጣላቸው።

ሁለተኛው ዓምድ ድንኳኑ ያለ ካስማ በራሱ ይቆማል ወይ የሚል ነው። የቻይናው ላንሻን ለምሳሌ ከ1 ኪሎ በታች ነው፤ በዋጋውም ይወደዳል። የቀለለው ግን የራሱ ምሰሶ ስለሌለው ነው፤ ተራራ የሚወጣው ሰው በእጁ የያዘውን ዘንግ ነው ምሰሶ የሚያደርገው። ሞተረኛ ደሞ ዘንግ አይዝም። በእኛ ሙያ ይሄ የተደበቀ ዲፔንደንሲ ይባላል፤ ፕሮግራሙ ትንሽ ይመስላል፣ ስትጭነው ግን ሌላ ነገር አምጣ ይልሃል። የስዊድኑ ሂለበርግ አክቶ ደሞ ወደ 1.7 ኪሎ ነው፤ በንፋስ የታወቀ ጠንካራ ድንኳን ነው፤ ምሰሶው ግን አንድ ቅስት ብቻ ስለሆነ ካስማ ጠበቅ አድርጎ ካልያዘው አይቆምም።

ካስማ ደግሞ መሬት ይፈልጋል። ኅዳር ላይ የስምጥ ሸለቆው ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ ነው፤ ከፍ ስትሉ ደግሞ አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ አለ። ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ እደሩ ብትባሉ ሲሚንቶ ነው። ሁለት ተጠላላፊ ምሰሶ ያለው ድንኳን የትም ይቆማል፤ ካልተመቸ አንሥታችሁ ማዞር ትችላላችሁ። የሰው ግቢ ውስጥ ለሚያድር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ "እዚያ ሳይሆን እዚህ" ቢባል ሳይነቅል ይንቀሳቀሳል።

ሦስተኛው ነጠላ ነው ወይስ ድርብ የሚለው ነው። ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሹና በላቡ ከአንድ ብርጭቆ ያላነሰ ውሃ ያወጣል። ደጋ ላይ የውጪው ጨርቅ ስለሚቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ጨርቁ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ሲብስም ይረጋል። ነጠላ ድንኳን ውስጥ ያ ውሃ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ድርብ ሲሆን ከውጪው ጨርቅና ከውስጠኛው መረብ መካከል አየር ያልፋል፤ ውሃው በውጪው ወርዶ መሬት ይነካል። ግማሽ ኪሎ ቢጨምርም ድርቡን ያዝኩ።

ጨርቁ ላይ ብዙ ቁጥር ይጻፋል። 20 ዴኒየር ማለት ጨርቁ የተሠራበት ክር 9,000 ሜትር ያህሉ 20 ግራም ብቻ ይመዝናል ማለት ነው። 1,500 ሚሊ ሜትር ደሞ ጨርቁ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆም ያስችላል ማለት ነው። ለጣሪያ ይበቃል፤ ለወለል ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም እርጥብ መሬት ላይ በጉልበታችሁ ስትንበረከኩ ጨርቁን የምትጫኑት ከዝናብ በላይ ነው። ለወለሉ 3,000 ፈለግኩ። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሌሊት ላይ ይረግባል፤ ፖሊስተር ግን አይረግብም፣ ፀሐይንም ይሻላል። ፀሐይ ደግሞ የኛ አገር ጉዳይ ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ ከምድር ወገብ ሳንርቅ ነው 3,000 ሜትር ላይ የምንተክለው። ስለዚህ ሲመሽ መትከል፣ ሲነጋ መንቀል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የትም አገር የሚሠራ ስሌት ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን የትም ተጽፎ አላገኘሁትም።

ለምሳሌ ቀለም። ውጪ አገር ያሉ ተጓዦች ጥቁር አረንጓዴ ይመርጣሉ፤ ጫካ ውስጥ ማንም ሳያያቸው ለማደር። እኛ ጋ ማንም ሳያየው የሚያድር ሰው የለም፤ አያችሁ አላያችሁ እረኛ አይቷችኋል። መደበቅ ካልተቻለ ደግሞ የሚደበቅ መምሰል ነው አደጋው። ሬንጀር የመሰለ ቀለም ያለው ድንኳን፣ ከጎኑ ሞተር፣ ውስጡ የማይታወቅ ወጣት። በዚህ ዘመን ይሄን አይቶ የማይደነግጥ አርሶ አደር ካለ እሱን ራሱን መፍራት ነው። ስለዚህ ከሩቅ "መንገደኛ ነኝ" የሚል ቢጫ መረጥኩ።

ነጭና ሰማያዊ ሸራም አልፈለግኩም። በ2010 ዓ.ም ጌዴኦና ምዕራብ ጉጂ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር ልብስና ብርድ ልብስ ሰብስበን ይዘን ሄደን ነበር። አንድ ሸራ ሥር ዘጠኝ ሰው ቆጥሬያለሁ። እዚያ ያየሁት ለማንም የሽርሽር ዕቃ አይደለም። ድንኳን ለመዝናናት መግዛት ነውር ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን ያንን ያየ ሰው ድንኳን በሚል ቃል እንደፈለገ አይጫወትም። ሰዎች ተገደው ሸራ ሥር ባደሩበት አቅራቢያ ደስ ብሎኝ ቢጫ ድንኳን አልተክልም። ይሄ ኤክሴሉ ላይ አልገባም፤ ግን ሕግ ነው።

ሌላው ደጅ ነው። የውጪው ጨርቅ ከበሩ ፊት ወጣ ብሎ የሚሠራትን ጥላ ማለቴ ነው፤ ጫማ፣ ሄልሜትና የሞተር ጃኬት የሚቀመጥባትን። ክብደት የሚቆጥሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚቆርጡት እሷን ነው። የአንዳንዱ በር በራስጌ በኩል ስለሆነ በእንብርክክ ነው የሚገባው፤ ደጁም ከጫማ አያልፍም። የኛ ሰው ግን ለደጅ ያለው ቦታ ሌላ ነው። ድሮ ከተማ ማለት ንጉሡ ከነሠራዊቱ ያረፈበት ሰፈር ነበር፤ ቀኛዝማችና ግራዝማች የቀኝና የግራ አዝማች ናቸው፤ ደጃዝማች ግን የደጁ ነው፣ ከሁለቱም ይበልጣል። ደጅ ይጠናል፣ ደጅ ይጸናል። ግቢው ውስጥ ያሳደረኝ ሰው ማታ መጥቶ "ደህና ነህ?" ቢለኝ የት አስቀምጠዋለሁ? ተኝቼ ጭንቅላቴን ብቻ አውጥቼ ነው የማናግረው? ስለዚህ ሌላ ዓምድ ጨመርኩ፦ "ደጁ ላይ አንድ ሰው በርጩማ ላይ ይቀመጣል ወይ?" ከቀሩት ስምንቱ ይሄን ያለፉት ሦስት ናቸው። በራቸው በጎን በኩል ነው፣ ደጃቸው ሰፊ ነው፣ ክብደታቸው ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ነው።

ከሦስቱ የመረጥኳት 1.6 ኪሎ ነች። ምሰሶዋ አሉሚኒየም ሆኖ ሲታጠፍ 36 ሴንቲ ነው። ስሟን አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል፤ መለኪያዎቹን ካወቃችሁ ራሳችሁ ታገኟታላችሁ።

ሐዋሳ ውስጥ ያገኘሁት ለሦስትና ለአራት ሰው የሚሆን፣ የፋይበር ምሰሶ ያለው ከባድ ድንኳን ነው፤ ለቤተሰብ ሐይቅ ዳር ጥሩ ነው፣ ለሞተር አይሆንም። ስለዚህ መንገዱ የሁላችንም መንገድ ነው፤ ከውጪ የሚመጣ ሰው መፈለግ። ዋጋው ደግሞ እያየሁት ሸሸኝ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድንኳኗ አልተለወጠችም፤ የኔ ደመወዝም አልተለወጠም። ሁለት ወር ተጨማሪ ቆጠብኩ።

ያመጣችልኝ ዱባይ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት። ለሦስት ዓመት አልመጣችም ነበር። ስልክ ላይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ስንት ኪሎ ነው?" ብላ ነው። ቀለሙን አልጠየቀች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቀች። አንጠልጣይ ሚዛን አላት፤ ሻንጣዋን ሌሊት ሌሊት እያነሣች ትመዝናለች። 1.6 ኪሎ ለኔ በኤክሴል ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ለሷ ግን የታናሽ እህቷ ጫማና የእናቷ ሽቶ ነው። "ችግር የለም፣ የኔን ጃኬት ለብሼው እገባለሁ" አለችኝ። በነሐሴ ሙቀት ወፍራም ጃኬት ለብሳ አውሮፕላን ገባች።

"ቀላል ድንኳን" የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሆኖ ነው የምሰማው። እስከዚያ ድረስ የማወዳድረው ለኔ ስንት እንደሚከብደኝ ነበር። ድንኳኗ ገና ሞተሬ ላይ ሳትጫን ግን አንድ ሰው ተሸክሟት ነበር።

ኅዳር 2017 ወጣሁ። ከኮፈሌ በኋላ አገሩ ሁሉ ስንዴና ገብስ ነው፤ ኮምባይነሮች እያጨዱ ነበር። መታወቂያ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ውሃ፣ አንድ ኪሎ ቡና ለሚያሳድረኝ። አዳባ ሳይደርስ፣ 11 ሰዓት ገደማ ላይ፣ መንገድ ዳር ካለ አንድ ግቢ ፊት ሞተሬን አጠፋሁ። ሄልሜቴን አወለቅኩ፤ ይሄን ከሁሉ በፊት ነው የማደርገው፣ ሰው ፊት ይፈልጋል።

የግቢው ባለቤት ስድሳዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው። በአፋን ኦሮሞ ሰላም አልኳቸው፤ ከሰላምታ ያለፈ ብዙ አልችልም፣ እሳቸው አማርኛ ይችላሉ። "ጋሼ፣ መንገደኛ ነኝ። ቤት አልፈልግም። ግቢዎ ጥግ ድንኳን ተክዬ ልደር፣ ጠዋት እሄዳለሁ።"

ወዲያው እሺ አላሉም። አንድ ልጅ ላኩ፤ ሁለት ጎረቤትና አንድ የቀበሌ ሰው መጡ። መታወቂያዬን አዩ፣ ደብዳቤዬን አነበቡ፣ የጎን ቦርሳዬን ከፍቼ አሳየሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። አላስከፋኝም። የአባቴን ዘመን ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ እሱ እንዲጠየቅ ያደረጉት ከገባ በኋላ ነበር፣ እኔ ከመግባቴ በፊት ተጠየቅኩ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ትንሽም አይደለም።

ድንኳኗን ስተክል ግን የሆነ ነገር ላላ አለ። ሰባት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልጆቹ ምሰሶው በራሱ ጠቅ ጠቅ እያለ ሲገጣጠም አይተው ሳቁ፤ አንዱ ካስማ አቀበለኝ። ሞተሯን ራቅ አድርጌ አቆምኩ፤ የጋለ ማርሚታ ለዚህ ጨርቅ አንድ ንክኪ ይበቃዋል። መሬቱ ለስላሳ ስለነበር ከጎን ማቆሚያዋ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረግኩ። ሰውየው ድንኳኗን ዞረው አዩና "እዚህ ውስጥ ሰው ይተኛል?" አሉ። ገብቼ ተዘረጋሁ። ሳቃቸው ያኔ ነው የመጣው።

"ቡና ዱጊ" አሉኝ፤ ና ቡና ጠጣ። እራት ቤታቸው በላሁ። አባቴ በዚያ አካባቢ መምህር እንደነበር ነገርኳቸው። ስሙን ደጋግመው አሰቡት። "ብዙ አስተማሪ መጥቷል፣ ብዙ ሄዷል" አሉ። አላወቁትም፤ አውቀዋለሁ ብለው አለማስመሰላቸውን ወደድኩት። ስወጣ "ብርድ ነው፣ ቤት እደር" አሉኝ፤ ሦስት ጊዜ ለመኑኝ፣ ሦስት ጊዜ እንቢ አልኩ። የቤታቸውን ሁኔታ አይቻለሁ፤ እኔ ከገባሁ መደቡን የሚለቅልኝ ሰው ውጪ ወይ መሬት ላይ ነው የሚተኛው።

ቡና ይዘው መጥተው በርጩማቸውን ደጄ ላይ አስቀመጡ። ያቺ ዓምድ ዋጋዋን ከፈለች። ስለ ስንዴ ዋጋ፣ ስለ ኮምባይነር ኪራይ፣ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ስለሄደ ልጃቸው አወሩልኝ። ዝናብ ቢዘንብ ሁለታችንም አንረጥብም ነበር።

ሌሊት ግን ሦስት ጊዜ ነቃሁ። ሦስቱንም ጊዜ የባትሪ ብርሃን በድንኳኗ ዙሪያ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ሳላቸውን አውቄዋለሁ። ጠዋት "ጋሼ፣ አልተኙም እንዴ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እኔ ግቢ አድረህ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?" አሉ። በቃ፣ እንዲህ ብቻ ነው ያሉት፤ ቡናውን ሊያሞቁ ገቡ።

ያን ቀን አዳባን አልፌ ወደ ዲንሾ ስወጣ የማስበው ይሄን ነው። ቤታቸውን ስላልጠየቅኩ ቀላል እንግዳ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ በአንድ በኩል ነበርኩም። መደባቸውን አልወሰድኩም። እንቅልፋቸውን ግን ወሰድኩ። ምንም ያህል ጨርቁ ቢሳሳ፣ ምሰሶው ቢያጥር፣ የሰው ግቢ ያደረ ሰው የሆነ ሰው ላይ ነው ያደረው። ይህ ደግሞ ድንኳኑን ትርፍ አያደርገውም። ያለ ድንኳኗ ያን ቀን ያን በር አላንኳኳም፤ ባንኳኳም ምናልባት አይከፈትልኝም። በማያውቁኝ ሰው እና በኔ መካከል ልክ 1.6 ኪሎ የሚሆን መተማመን ነበር፤ ከዚያ ተጀምሮ ነው እስከ ቡናው፣ እስከ ባትሪው ድረስ የሄደው።

ዲንሾ ያለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሌላ ዓይነት አዳር ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። በር ላይ ትመዘገባላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ የድንኳን ቦታ ያሳዩአችኋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ኅዳር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት የውጪው ጨርቅ ላይ ውሃው ረግቶ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ውስጠኛው ግን ደረቅ ነው። የደጋ አጋዘኖች ድንኳኔ አጠገብ እየጋጡ አለፉ። እዚያ ለማንም ሸክም አልነበርኩም፤ ከፍያለሁ፣ የሚጠብቀኝም ደመወዝተኛ ነው። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ስለዚያ ሌሊት የምነግራችሁ ግን ከዚህ የዘለለ የለኝም።

ከተመለስኩ ወዲህ ሞተር ያላቸው ጓደኞቼ "የትኛውን ልግዛ?" ሲሉኝ ኤክሴሉን ነው የምልክላቸው። ምሰሶው ሲታጠፍ ስንት ሴንቲ ነው፣ በራሱ ይቆማል ወይ፣ ድርብ ነው ወይ፣ ጣሪያው ስንት ሚሊ፣ ወለሉ ስንት ሚሊ፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ደጁ ላይ ሰው ይቀመጣል ወይ። መጨረሻ ላይ ከጉዞው በኋላ የጨመርኳት አንዲት ዓምድ አለች፤ "ማን ተሸከመው?" ትላለች። ከኔ ረድፍ ላይ የአክስቴ ልጅና የአዳባው ሰውዬ ተጽፈዋል። የእነሱን ባዶ አድርጌ ነው የምልከው፤ ከጉዞ ሲመለሱ ራሳቸው ይሞሏታል።